አንዱ ክፍል ቢጎድል የሚቆም ሞተር ደረጃ በደረጃ እንዴት ተሠራ?

ጥያቄ፦ «የሁለተኛ ደረጃ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። ባክቴሪያ ኒውክለስም ሆነ ሌላ ክፍለ ሕዋስ የሌለው ቀላል ሕዋስ ነው ብዬ አስተምራለሁ። በቅርቡ አንዲት ተማሪዬ ባክቴሪያ ስለሚዋኝበት ክርና ሞተር፣ ስለ ፍላጀለም አንብባ መጣችና ‹ይህ የሚሽከረከር ሞተር ብዙ ክፍሎች አሉት፤ አንዱ ቢወጣ ይቆማል። ታዲያ ግማሹ ብቻ በነበረበት ጊዜ ምን ይጠቅም ነበር?› አለችኝ። አጥጋቢ መልስ አልሰጠኋትም። እኔም ራሴ ባክቴሪያ በእርግጥ ቀላል መሆኑን መጠራጠር ጀምሬአለሁ።»

መልስ፦

በመጀመሪያ ለተማሪዎ ምስጋናዬን ያድርሱልኝ። ቻርልስ ዳርዊን በ1859 የዝግመተ ለውጥ ንድፈ ሐሳቡን ሲያሳትም፣ በጥቃቅን ተከታታይ ለውጦች ፈጽሞ ሊገኝ የማይችል አንድ ውስብስብ አካል ቢታይ ሐሳቡ እንደሚፈርስ በግልጽ ጽፎ ነበር። ልጅቷ ያነሣችው እንግዲህ ንድፈ ሐሳቡ ራሱ ያስቀመጠውን መፈተኛ ነው። እንዲህ ዓይነት ጥያቄ «ወደፊት ትማሪዋለሽ» ተብሎ መታለፍ የለበትም። (በዚህ ጽሑፍ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

መልሴን አስቀድሜ በአጭሩ ልንገርዎት። «ግማሽ ሞተር ምን ይጠቅማል?» በሚለው ጥያቄ ውስጥ የተደበቀ ግምት አለ፤ ክፍሎቹ ከጥንት ጀምሮ ሞተር እስኪሆኑ ይጠባበቁ ነበር የሚል። አልነበሩም። ብዙዎቹ የየራሳቸው ሥራ ነበራቸው። «አንዱ ቢወጣ ይቆማል» የሚለውም ዛሬ እውነት ስለሆነ ብቻ ትናንትም እውነት ነበር ማለት አይደለም። አንድ ክፍል ሲመጣ የሚያግዝ ብቻ ሆኖ ይመጣና፣ ቆይቶ የግድ አስፈላጊ ይሆናል። እኔ እንደማየው የጉዳዩ ቁልፍ ይህ ሁለተኛው ነጥብ ነው፤ በትምህርት ቤት ግን ሲነገር ሰምቼ አላውቅም።

አሁን ወደ ሞተሩ። ፍላጀለም በላቲን ጅራፍ ማለት ነው። ስሙን ያወጡለት ሰዎች ክሩ እንደ ጅራፍ የሚወናጨፍ መስሏቸው ነበር። በ1973 ሃዋርድ በርግ ከባልደረባው ጋር ሆኖ ክሩ እንደማይወናጨፍ፣ ይልቁንም ከሥሩ እንደሚሽከረከር አመለከተ። በቀጣዩ ዓመት ማይክል ሲልቨርማንና ሜልቪን ሳይመን ክሩን ክሩን ለይቶ በሚይዝ ፕሮቲን (በአንቲቦዲ) አማካይነት መስተዋት ላይ አጣበቁት። ክሩ ተይዞ መዞር ሲያቅተው ባክቴሪያው ራሱ መዞር ጀመረ። ይህን ሙከራ ተማሪ ሳለሁ በማይክሮስኮፕ አይቼዋለሁ። ርዝመቷ ሁለት ሺሕኛ ሚሊሜትር የሆነች ፍጥረት በአንድ ቦታ ተተክላ ወደ ቀኝ ትዞራለች፣ ድንገት ወደ ግራ ትቀይራለች፣ እንደገና ወደ ቀኝ። ሰዓቴን ረስቼ ያየሁት ትርኢት ነበር፤ የዕድሜ ልክ ሥራዬንም የመረጥኩት ያን ቀን ይመስለኛል።

ሞተሩ በሕዋሱ ሽፋን ውስጥ የተተከለ ነው። በመካከሉ ዘንግ ያልፋል፤ ከውጭ እንደ መንጠቆ የተቆለመመ መገጣጠሚያ አለ፤ ከመገጣጠሚያው ረጅሙ ክር ይቀጥላል። ክሩ ብቻ ፍላጀሊን ከሚባል ፕሮቲን ከ20,000 ገደማ ቅጂዎች የተገነባ ነው። ኃይሉ የሚመጣው ከውጭ ወደ ውስጥ ከሚፈስሱ ፕሮቶኖች ነው፤ ወንዝ ወፍጮን እንደሚያዞር ማለት ነው። የሳልሞኔላ ሞተር በሰከንድ 300 ጊዜ ገደማ ይዞራል። በፕሮቶን ፈንታ ሶዲየም የሚጠቀመው የቪብሪዮ አልጂኖሊቲከስ ሞተር ደግሞ በሰከንድ እስከ 1,700 ዙር ተለክቶለታል።

ከዚህ ሁሉ ይልቅ ለጥያቄያችን የሚጠቅመው ግን አሠራሩ ነው። ክሩ እንደ ፀጉር ከሥሩ አያድግም፤ የሚያድገው ከጫፉ ነው። በውስጡ ክፍት ቦይ አለ፤ ቦዩ ሁለት ናኖሜትር ገደማ ስፋት ብቻ ስላለው የፍላጀሊን ፕሮቲኖች ሳይታጠፉ እየተገፉ በዚያ ያልፉና ጫፉ ላይ ሲደርሱ ቅርጻቸውን ይዘው ይሰካሉ። ስለዚህ ከሞተሩ ሥር ፕሮቲን እየመረጠ ወደ ውጭ የሚልክ በር የግድ አለ። ፍላጀለም መዋኛ ከመሆኑ በፊት ፕሮቲን ማስወጫ ነው ብለው ቢያስቡት አይሳሳቱም።

ይህ በር በሌላ ቦታም ይገኛል። የጥቁር ሞት ወረርሽኝ መንስኤ የርሲኒያ ፔስቲስ፣ ሺጌላና ሳልሞኔላ በሽታ ሲያስይዙ ፕሮቲኖቻቸውን በመርፌ መሰል መሣሪያ ወደ ሰው ሕዋስ ይወጋሉ። የመርፌው ሥር በብዙ ፕሮቲኖቹ ከፍላጀለሙ ሥር ጋር ዘመዳማች ነው፤ ነገር ግን አይሽከረከርም፤ መዋኛ ክርም የለውም።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ ልስጥዎ። ብዙ ጽሑፎች «ፍላጀለም የመጣው ከዚህ መርፌ ነው» ይላሉ። ለተማሪዎ ይህን አይንገሯት። የጂን ንጽጽሩ የሚያሳየው ተቃራኒውን ነው፤ መርፌው ከፍላጀለም ሥርዓት ተገንጥሎ የወጣ ልጅ እንጂ አባቱ አይደለም። ትክክለኛ ለሆነ መደምደሚያ የተሳሳተ ማስረጃ ማቅረብ፣ ብልህ ተማሪ ስሕተቱን ባገኘችበት ቀን ሁሉንም እንድትጠራጠር ያደርጋታል። መርፌው የሚያስረዳን ሌላ ነገር ነው። ከዚህ መሣሪያ የተወሰነው ክፍል ብቻ ቢቀር፣ መዞሩ ቀርቶ ማስወጣቱ ብቻ ቢቀጥል፣ ያው ክፍል ለባለቤቱ ትልቅ ጥቅም እንዳለው ያሳያል።

ለዚህ ከመርፌው የበለጠ የምወደው ምሳሌ ቡክኔራ ነው። ቡክኔራ ክሽክሽ በሚባሉት ዕፅዋት መጣጭ ነፍሳት ሰውነት ውስጥ ብቻ የሚኖር ባክቴሪያ ነው። የትም ስለማይዋኝ ፍላጀሊን የሚሠራውን ጂን አጥቷል፤ ክር የለውም። ሆኖም በኤሌክትሮን ማይክሮስኮፕ ሲታይ ገላው የፍላጀለም ሥር ብቻ በሆኑ በመቶዎች የሚቆጠሩ መዋቅሮች ተሸፍኖ ይገኛል። ምንም ባይጠቅሙት ኖሮ፣ ያለ ርኅራኄ ጂኖቹን እየጣለ የኖረ ይህ ባክቴሪያ እነርሱንም በጣላቸው ነበር። አሳማኙ ማብራሪያ ቡክኔራ ለማስወጫነት ይጠቀምባቸዋል የሚለው ነው። ተማሪዎ የጠየቀችው ግማሽ ሞተር ይኸውልዎት፤ ዛሬ፣ በሕይወት፣ በሥራ ላይ።

የቀሩት ክፍሎችም ባዕድ አይደሉም። ለማስወጫው በር ኃይል የሚያቀብለው ኢንዛይም፣ በሁሉም ሕያዋን ዘንድ የሕዋስ ኃይል ተሸካሚ የሆነውን ኤቲፒን የሚሠራው ኢንዛይም የቅርብ ዘመድ ነው። ፕሮቶን አሳልፈው ሞተሩን የሚያዞሩት ቋሚ ክፍሎች፣ በሌላ ቦታ ብረት የያዙ ሞለኪውሎች ወደ ሕዋስ እንዲገቡ ኃይል የሚሰጡ ፕሮቲኖች ዘመዶች ናቸው። የዘንጉ፣ የመንጠቆውና የመገጣጠሚያዎቹ ፕሮቲኖች ደግሞ እርስ በርሳቸው ወንድማማቾች ናቸው፤ አንድ ጂን ሲገለበጥ በስሕተት ሁለት ይሆናል፣ አንዱ ቅጂ የድሮውን ሥራ ይዞ ሲቀር ሌላው እየተለወጠ አዲስ ቦታ ይይዛል። ብዙ የሚመስለው የክፍል ቁጥር ከጥቂት ቤተሰቦች የወጣ ነው።

አሁን «አንዱ ቢወጣ ይቆማል» ወደሚለው። እውነት ነው ወይ? በከፊል ብቻ። ከላይ የጠቀስኩትን ኃይል አቀባይ ኢንዛይም ከሳልሞኔላ ጂኖች ውስጥ አጥፍተው ያዩ ተመራማሪዎች አሉ። ባክቴሪያው ክፉኛ ተዳከመ፤ ነገር ግን ጥቂት ፍላጀለም መሥራቱን አላቆመም። በበሩ ፕሮቲን ላይ ወይም በፕሮቶኑ ግፊት ላይ ተጨማሪ ለውጥ ሲመጣ ደግሞ የተሻለ ሠራ። የግድ ይመስል የነበረው ክፍል አጋዥ ሆኖ ተገኘ።

ከዚህም የሚያስደንቅ ንጽጽር አለ። የምግብ መመረዝ የሚያስከትለው ካምፒሎባክተር ጄጁኒ የሚዋኘው በአንጀት ዝልግልግ ንፍጥ ውስጥ ነው። እዚያ ለመንቀሳቀስ ብርቱ ሞተር ያስፈልጋል። ሕዋሳትን በቅጽበት አቀዝቅዞ ከየአቅጣጫው ፎቶ በማንሣት የተደረገ ጥናት በ2016 የሦስት ባክቴሪያዎችን ሞተሮች ጎን ለጎን አስቀመጠ። በሳልሞኔላ ሞተር ዙሪያ 11 ገደማ ኃይል ሰጪ ክፍሎች አሉ፤ በቪብሪዮ 13፤ በካምፒሎባክተር 17። ብዛቱ የሚመጣው ከስፋቱ ነው፤ ክበቡ ሲሰፋ ብዙ ክፍል ይይዛል፤ ከመሐሉ በራቀ ቁጥርም የሚሰጠው የመጠምዘዝ ጉልበት ይበልጣል። ያን ሰፊ ክበብ ደግፈው የያዙት ሳልሞኔላ ጨርሶ የሌሉት ተጨማሪ ፕሮቲኖች ናቸው።

ከነዚህ ተጨማሪዎች ሁለቱ ስማቸው ራሱ «ሽባ ፍላጀለም» ከሚል ሐረግ የተወሰደ ነው። እነርሱን ያጣ ካምፒሎባክተር ክሩን ይሠራል፣ ማዞር ግን አይችልም። እንግዲህ ልብ ይበሉ። በካምፒሎባክተር ብቻ ብንፈርድ «እነዚህ ከሌሉ ሞተር የለም» እንላለን። ሳልሞኔላ ግን ሳይኖሩት እየዋኘ ነው። የመጡት ያለ እነርሱ ይሠራ በነበረ ሞተር ላይ ነው፤ ከመጡ በኋላ ቀሪው አካል በእነርሱ ላይ ተደግፎ ተለወጠና መመለሻ አጣ። ለተማሪዎ አንድ ምሳሌ ብቻ መስጠት ካለብዎት ይህን ይስጧት።

መመለሻ ማጣቱ እንዴት እንደሚሆን ደግሞ በሌላ ሕያው ዘንድ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ባክቴሪያ ባይሆንም ጉዳዩ አንድ ስለሆነ ልጥቀሰው። የፈንገሶች ሕዋስ ፕሮቶን የሚገፋበት የሚሽከረከር ቀለበት አለው፤ ቀለበቱ ከሦስት ዓይነት ፕሮቲኖች ይሠራል፤ ሦስቱም የግድ ናቸው። ጆሴፍ ቶርንተንና ባልደረቦቹ የጥንቱን ፕሮቲን ቅደም ተከተል ከዘሮቹ አስልተው እንደገና ሠሩትና በ2012 ውጤቱን አሳተሙ። ጥንት ቀለበቱ ሁለት ዓይነት ፕሮቲን ብቻ ነበረው። ከሁለቱ የአንዱ ጂን ተባዛና ሁለት ቅጂ ሆነ። ሁለት አናጺዎች ሁሉንም ሥራ ያውቁ ነበር እንበል፤ አንዱ በር መግጠም ረሳ፣ ሌላው መስኮት መግጠም ረሳ። ሁለቱ አብረው እስካሉ ድረስ ቤቱ ይሠራል፤ ማንኛቸውም ቢሄዱ ግን ይቆማል። የሆነው ይኸው ነው። እያንዳንዱ ቅጂ በቀለበቱ ውስጥ ከጎረቤቱ ጋር የመግጠም ችሎታውን በከፊል አጣ። አዲስ ሥራ አልተፈጠረም፤ ውስብስብነቱ የጨመረው በመጉደል ነው። ይህን ጥናት ባነበብኩ ቁጥር እደነቃለሁ።

ምናልባት ተማሪዎ በኢንተርኔት ላይ «ሳይንቲስቶች ፍላጀለም በአራት ቀን ሲፈጠር አዩ» የሚል ነገር ታነብ ይሆናል። ነገሩ እንዲህ ነው። በ2015 በእንግሊዝ የሬዲንግ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከሱዶሞናስ ፍሎረሰንስ ላይ የፍላጀለም ጂኖችን የሚያዝዘውን ተቆጣጣሪ ጂን አጠፉ። ባክቴሪያው ሽባ ሆነ። ምግብ ሲያልቅበት በ96 ሰዓት ውስጥ እንደገና መዋኘት ጀመረ፤ ናይትሮጅን የሚቆጣጠር ሌላ ፕሮቲን በሁለት እርምጃ ተለውጦ የጠፋውን ተቆጣጣሪ ሥራ ተረከበ። የመጀመሪያው ለውጥ ፕሮቲኑን አበዛው፣ ሁለተኛው ፊቱን ወደ ፍላጀለም ጂኖች መለሰው። ድንቅ ሙከራ ነው፤ ነገር ግን ሞተሩ አልተፈጠረም። የሞተሩ ጂኖች ሁሉ እዚያው ነበሩ፤ የጠፋው ማብሪያው ብቻ ነው። ከሆነው በላይ ማስረዘም አያስፈልግም፤ የሆነው ራሱ በቂ ነው።

ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልለፍ፤ ባክቴሪያ ቀላል ነውን?

ባክቴሪያ «ባዶ ከረጢት» ነው የሚለው ሥዕል የመጣው ከዓይናችን ድክመት ነው። መሣሪያው በተሻለ ቁጥር ከረጢቱ ውስጥ ዕቃ እየበዛ መጣ። ሕዋስን ደግፎ ቅርጽ የሚሰጠው የሕዋስ አጥንት የኛ ዓይነት ሕዋሳት ብቻ ነው ይባል ነበር፤ በ1998 ባክቴሪያን ለሁለት የሚከፍለው ኤፍቲኤስዜድ የተባለው ፕሮቲን ከኛ የሕዋስ አጥንት ፕሮቲን ከቱቡሊን ጋር፣ በ2001 ደግሞ ዱላ ቅርጽ የሚሰጠው ኤምአርኢቢ ከሌላው የሕዋስ አጥንታችን ፕሮቲን ከአክቲን ጋር በመዋቅር ዘመዳማች ሆነው ተገኙ።

ክፍሎችም አሏቸው። ሳያኖባክቴሪያዎች ካርቦን የሚያስሩበት ኢንዛይም ሩቢስኮ ቀርፋፋ ነው፤ ከዚያም በላይ ካርቦን ዳይኦክሳይድን ከኦክስጅን ጋር ያምታታል። መፍትሔያቸው ኢንዛይሙን በፕሮቲን ሣጥን ውስጥ መዝጋት ነው። ሣጥኑ ካርቦክሲሶም ይባላል። ሃያ ገጽ ያለው፣ እንደ ቫይረስ ቅርፊት የተገጣጠመ ነው። ባይካርቦኔት ይገባል፣ ውስጥ ባለ ሌላ ኢንዛይም ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል፣ ጋዙም ከሩቢስኮው አጠገብ ይታፈናል። ከሣጥኑ ይልቅ የሚገርመው የቅርፊቱ ፕሮቲኖች ሌላ ሕይወት ነው። ሳልሞኔላ ኢታኖላሚንና ፕሮፓንዲዮል የተባሉ ነገሮችን ለምግብነት ሲሰባብር መርዛማ አልዲሃይድ ይወጣል፤ ይህን መርዝ አፍኖ የሚይዘው ከዚያው ቤተሰብ በሆኑ ፕሮቲኖች የተሠራ ሣጥን ነው። አንዱ ጋዝ ያፍናል፣ ሌላው መርዝ ያፍናል፤ ግድግዳው ግን የአንድ ዘር ነው። ከፍላጀለሙ ጋር አንድ ታሪክ መሆኑን ያዩታል።

በ1975 ሪቻርድ ብሌክሞር ከረግረግ ጭቃ ያወጣቸው ባክቴሪያዎች ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ሲዋኙ አስተዋለ። ማግኔት ሲያቀርብላቸው አቅጣጫቸውን ቀየሩ። በውስጣቸው በሽፋን የተጠቀለሉ፣ ከ35 እስከ 120 ናኖሜትር የሚደርሱ ማግኔታይት የተባለው የብረት ማዕድን ቅንጣቶች በመስመር ተደርድረዋል። ሽፋኑ የሕዋሱ ሽፋን ወደ ውስጥ ጎድጉዶ የተሠራ ነው፤ ረድፉን የሚይዘው ደግሞ አክቲን መሰል ክር ነው። ይህ በማንኛውም ሚዛን ክፍለ ሕዋስ ነው። በ2014 ተመራማሪዎች ለዚህ የሚያስፈልጉትን ወደ 30 የሚጠጉ ጂኖች ወደ ሮዶስፒሪለም ሩብረም አዛወሩ። ከዚያ በፊት ማግኔት የማያውቀው ባክቴሪያ የማግኔታይት ሰንሰለት ሠራ። በባክቴሪያ ዓለም ጂን ከጎረቤት ወደ ጎረቤት ይተላለፋል፤ አንዱ ዘር ለሚሊዮን ዓመታት የገነባውን ሌላው ባንድ ጊዜ ሊወርሰው ይችላል። የደረጃ በደረጃው ታሪክ በአንድ የዘር ሐረግ ውስጥ ብቻ ሲፈለግ የሚጠፋው በዚህ ምክንያትም ነው።

መካከለኛ ደረጃዎች ግን ሁልጊዜ አልጠፉም። ሳያኖባክቴሪያዎች ብርሃን የሚሰበስቡት ታይላኮይድ በሚባሉ የውስጥ ሽፋኖች ነው። ግሎኦባክተር ቫዮላሲየስ የሚባለው ዘመዳቸው ግን ታይላኮይድ የለውም፤ ፎቶሲንተሲስን የሚሠራው በሕዋሱ ሽፋን ላይ ነው። በዝግታ ያድጋል፤ ሆኖም በጥሩ ሁኔታ ይኖራል።

በጥንቃቄ መያዝ ያለበት አንድ ጉዳይ ላክል። በ1991 ጄማታ ኦብስኩሪግሎበስ የተባለ ባክቴሪያ ዲኤንኤው በሽፋን እንደተከበበ ተዘገበና «ኒውክለስ ያለው ባክቴሪያ» ተባለ። ለዓመታት እኔም ለተማሪዎቼ በደስታ አስተምሬዋለሁ። በ2013 ሕዋሱ በሦስት ገጽታ ተሠርቶ ሲታይ ሽፋኖቹ የትም አይዘጉም፤ የውስጠኛው ሽፋን እጥፋት ናቸው፤ ቀጭን ቁራጭ ብቻ ሲታይ የተዘጋ ክበብ ይመስላሉ። ትምህርቴን አስተካከልኩ። በ2022 ግን በካሪቢያን ከምትገኘው ከጓዴሎፕ ደሴት የማንግሮቭ ረግረግ የተገኘ ቲዮማርጋሪታ ማግኒፊካ የተባለ ባክቴሪያ ተገለጸ፤ አንዱ ሕዋስ እስከ ሁለት ሴንቲሜትር ይረዝማል፣ በዓይን ይታያል። ዲኤንኤውንና ራይቦዞሞቹን በሽፋን በተከበቡ ትናንሽ ከረጢቶች ያስቀምጣል፤ አግኚዎቹ በፍራፍሬ ውስጥ ባሉ ጥቃቅን ዘሮች ስም ፔፒን ብለዋቸዋል። የኛ ዓይነት ኒውክለስ አይደለም፤ የዘር ግንኙነትም የለውም። በራሱ መንገድ የደረሰበት መፍትሔ ነው።

ስለዚህ በሰሌዳው ላይ «ባክቴሪያ ክፍለ ሕዋስ የለውም» የሚለውን ያጥፉና «ባክቴሪያ ሚቶኮንድሪያና የኛ ዓይነት ኒውክለስ የለውም» ብለው ይጻፉ። ከዚያ ሚቶኮንድሪያ ራሱ ከየት እንደመጣ ተማሪዎቹን ይጠይቋቸው፤ ጥንት ራሱን ችሎ ይኖር የነበረ ባክቴሪያ መሆኑን ሲሰሙ የልጅቷ ጥያቄ በሌላ መልክ ተመልሶ ይመጣል። የካምፒሎባክተርን ምሳሌ ለዚያ ቀን ያቆዩት፤ ሦስቱን ክበቦች ባለ 11፣ ባለ 13 እና ባለ 17 አድርገው በሰሌዳው ላይ ጎን ለጎን ይሣሉላቸው፤ የቱ ቀድሞ እንደመጣ ደግሞ ራሳቸው ይከራከሩበት።